ባለቤት ያለው ደብር፣ ባለቤት ያጣ ፍርስራሽ፤ ከመርጡለ ማርያም ሕንፃ ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጎጃም የሚጓዝ ሰው የዓባይን በረሃ ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ጠመዝማዛውን አቀበት ሲጨርስ የሚቀበለው ከተማ ደጀን ነው። አብዛኛው መንገደኛ ከዚያ ፊቱን ወደ ደብረ ማርቆስ ያዞራል። በብቸናና በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ የሚዘልቀውን መንገድ የሚይዘው በዚያ ወገን ዘመድ ወይም ጉዳይ ያለው ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ የምሥራቅ ጎጃም ታላላቅ አድባራት የሚገኙት በዚህ በተዘነጋው ወገን ነው። የከተማው አንባቢ ከሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በስም የሚያውቃት ዲማ በብቸና አካባቢ ናት። ጥንታዊቷ ደብረ ወርቅ ማርያም እዚያው መስመር ላይ ናት። የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወለተ እስራኤል በ18ኛው ምዕት ዓመት የተከለችው ሞጣ ጊዮርጊስም እንዲሁ። ከእነዚህ ሁሉ ራቅ ብሎ፣ በእነብሴ ሳር ምድር፣ የሕንፃው ታሪክ ከሁሉም ይልቅ የተወሳሰበ አንድ ደብር አለ፤ መርጡለ ማርያም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የደብሩን ገድል መተረክ አይደለም። አንድ ጥያቄ ማንሣት ነው። ለመሆኑ አንድን ቤተ ክርስቲያን ከዘመን ወደ ዘመን የሚያሻግረው የሠራው ነው ወይስ የሚጠግነው? በአገራችን ስለ ታሪካዊ ሕንፃ ክርክር በተነሣ ቁጥር የምንጣላው «ማን ሠራው?» በሚለው ላይ ነው። ጎንደርን ማን ሠራው? ላሊበላን ማን ሠራው? የመርጡለ ማርያም ታሪክ ግን ጥያቄውን እንድንለውጥ ያስገድደናል። (ከዚህ በታች የውጭ ዘመን ስጠቅስ «እ.ኤ.አ.» እላለሁ፤ «ዓ.ም.» ያልኩት የራሳችን አቆጣጠር ነው።)

በስሙ ድንኳን፣ በግብሩ የድንጋይ ቤት

«መርጡል» የግእዝ ቃል ነው፤ ድንኳን፣ አዳራሽ፣ ማደሪያ ማለት ነው። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት መሠረት ቦታው ከክርስትና በፊት የኦሪት መሥዋዕት ከቀረበባቸው አራት ቦታዎች አንዱ ነው፤ ከአክሱም ጽዮን፣ ከጣና ቂርቆስና ከተድባበ ማርያም ጋር አብሮ ይቆጠራል። ቤተ ክርስቲያኑን አብርሃና አጽብሐ እንደ ተከሉትም ይነገራል። ትውፊት የራሱ ክብርና የራሱ ሥራ አለው፤ ሕዝብ ለቦታው የሚሰጠውን ዋጋ ይነግረናል። ስለ ድንጋዩ ለማወቅ ግን ወደ ጽሑፍ ምንጮች መሄድ ይኖርብናል።

በዚህ በኩል ጎልታ የምትወጣው እቴጌ እሌኒ ናት። እሌኒ የሐድያ ገዥ ልጅ ነበረች፤ ከእስላም ቤት ወጥታ ክርስትና ተቀብላ የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሚስት ሆነች። ባሏ እ.ኤ.አ. በ1468 ከሞተ በኋላም በተከታዮቹ ነገሥታት ቤተ መንግሥት ክብሯና ምክሯ አልተቋረጠም። ልብነ ድንግል እ.ኤ.አ. በ1508 ገና በልጅነቱ ሲነግሥ መንግሥቱን በሞግዚትነት የያዘችው እርሷ ነበረች። ማቴዎስ የተባለውን መልእክተኛ ወደ ፖርቹጋል የላከችውም እርሷ ናት። የዚያ መልእክት ምላሽ የሆነው የፖርቹጋል ልኡክ እ.ኤ.አ. በ1520 ምጽዋ ሲደርስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የተባለው ቄስ አብሮ መጣ።

አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1540 ሊስቦን ላይ በታተመው መጽሐፉ እሌኒ በጎጃም ስላሠራችው ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ያወሳል። ወሬውን የነገረው ከዚያ ቀደም ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ እንዳይወጣ ተከልክሎ የቀረው ፔሮ ዳ ኮቪልያ ነው። ኮቪልያ በእቴጌይቱ ትእዛዝ የመንበሩን ሥራ እንደ መራ፣ መንበሩ ከእንጨት ተሠርቶ ወርቅ እንደ ተሞላ፣ የላዩ ጽላትም ከወርቅ እንደ ነበረ ተርኳል። ተመራማሪዎች ይህን ቤተ ክርስቲያን ከመርጡለ ማርያም ጋር ያያይዙታል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ከሐድያ የመጣች እቴጌ፣ በጎጃም ምድር፣ ፖርቹጋላዊን የሥራ መሪ አድርጋ፣ ለእመቤታችን ቤት ትሠራለች። ዛሬ እያንዳንዱን ጠጠር ለአንድ ወገን ለማውረስ የሚደክሙ ጸሐፍት ይህን ሕንፃ ለማን ያወርሱት ይሆን?

እሌኒ ያሠራችው ቤት ብዙ አልቆየም። ከእ.ኤ.አ. 1529 ጀምሮ በተካሄደው የኢማም አሕመድ ዘመቻ እንደ ሌሎች ብዙ አድባራት ተቃጠለ። ወርቁም ጠፋ፤ ታላቁ ሕንፃም ፈረሰ። ደብሩ ግን አልጠፋም።

ሃይማኖቱ ተባረረ፣ ኖራው ቀረ

ሁለተኛው የሕንፃው ምዕራፍ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ይከፈታል። ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክ እምነትን በይፋ ተቀበለ፤ እ.ኤ.አ. በ1626 ደግሞ ለካቶሊኩ ፓትርያርክ ታዘዘ። ኢየሱሳውያን የሚባሉት መነኮሳት በጣና ዙሪያና በጎጃም ማደሪያዎችን ሲያቋቁሙ እነብሴ አንዱ ሆነ። በዚያ የተመደበው ብሩኖ ብሩኒ የተባለ ኢጣልያዊ በእሌኒ ቤተ ክርስቲያን ፍራሽ ላይ ግንባታ እንዲካሄድ አደረገ።

በዚያ ዘመን ወደ አገራችን የግንባታ ሙያ የገባው አዲስ ነገር ኖራ ነበር። ከዚያ በፊት የነበሩት ግንበኞቻችን ድንጋይን በድንጋይ ላይ በጭቃ፣ ወይም ያለ ማያያዣ በጥንቃቄ በመግጠም፣ ወይም እንደ አክሱም ዘመን ከእንጨት ማሰሪያ ጋር በማጣመር ይሠሩ ነበር። ከኢየሱሳውያኑ ጋር የኖራ አቃጠልና አቦካክ በሰፊው ታወቀ። ከፍ ያለ ግድግዳ፣ ሰፊ ቅስትና የድንጋይ ጣራ መሥራት ቀለለ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይታወቃል። የሃይማኖቱ ለውጥ አገሩን በደም ነከረው። እ.ኤ.አ. በ1632 ሱስንዮስ የቀድሞውን እምነት መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ተወ፤ በተከታዮቹ ሁለት ዓመታት ሚሲዮናውያኑ ከአገር ተባረሩ። ብሩኒ ተሸሽጎ ከቀሩት ጥቂቶች አንዱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1640 በስቅላት ተገደለ።

ፋሲለደስ ግን ሃይማኖቱን እንዳባረረ ኖራውን አላባረረም። የጎንደርን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1636 ሲቆረቁር፣ ሚሲዮናውያኑ ከሄዱ በኋላ፣ ግንቡን ያሠራው በኖራ ነበር። «ጎንደርን ፖርቹጋሎች ሠሩት» የሚለው አባባል ከዘመን አቆጣጠሩ ጋር እንኳ አይስማማም። «የውጭ እጅ ጨርሶ የለበትም» የሚለውም እንዲሁ ከኖራው ጋር አይስማማም። ሙያ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ ያስተማረው ቢሄድም የተማረው ይቀራል።

በመርጡለ ማርያም ቅጽር ውስጥ ቆመው የቀሩት ግድግዳዎች የዚህ ሁሉ ድርብርብ ምስክር ናቸው። በጥንቃቄ የተጠረበ ድንጋይ፣ ቅስት ያላቸው መግቢያዎች፣ የአበባና የሐረግ ቅርጽ የተፈለፈለባቸው ረድፎች ይታዩባቸዋል። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ እ.ኤ.አ. በ1842 ቦታውን ጎብኝቶ ያዘጋጀው ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1847 ለንደን ውስጥ ታትሟል። በ8ኛው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ መድበል ውስጥ ስቲቨን ቤል ስለዚሁ ፍርስራሽ ጽፏል። የኢየሱሳውያንን ቅሪቶች ያጠኑ የስፔን የሥነ ቁፋሮ ባለሙያዎችም እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ሰፊ መጽሐፍ ቦታውን አካተውታል። ከቅርጾቹ የትኛው የእሌኒ፣ የትኛው የኋለኞቹ ግንበኞች ነው የሚለው ለባለሙያ ጣፋጭ ክርክር ነው። ለደብሩ ሰው ግን የማርያም ናቸው፤ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል።

ክቡን ቤት ለምን መረጡ?

ሚሲዮናውያኑ ከተባረሩ በኋላ የእነብሴ ምእመናን በውብ ድንጋዩ ምን አደረጉ? ግንቡን እስከ መሠረቱ አልነቀሉትም። ደብሩም አልተዘጋም። በዚያው ቅጽር ውስጥ የጎጃም ምእመን የለመደው ዓይነት ክብ ቤተ ክርስቲያን አገልግሎቱን ቀጠለ።

የክቡን ቤተ ክርስቲያን አሠራር አንባቢ ያውቀዋል፤ ነገር ግን አንዳንዴ የምናውቀውን ነገር እንደ አዲስ ማየት ይጠቅማል። በመካከል አራት ማዕዘን መቅደስ አለ፤ ታቦቱ የሚያድርበት፣ ካህን እንጂ ሌላ የማይገባበት። ቀጥሎ ቅድስት ይዞራል፤ ቆራቢዎች የሚቆሙበት። ከዚያ ደብተራው ጽናጽልና መቋሚያ ይዞ የሚያሸበሽብበት ቅኔ ማኅሌት አለ። ከበላዩ የሣር ክዳን፣ በኋላ ዘመን ደግሞ ቆርቆሮ፤ በጫፉ ጉልላት። ሦስቱ ክፍሎች ከአክሱም ዘመን አራት ማዕዘን አብያተ ክርስቲያናት ጀምሮ ሲወርዱ የመጡ ናቸው፤ የተለወጠው ቅርጹ ነው።

ብዙ የውጭ ጸሐፍት፣ አንዳንድ የእኛም ሰዎች፣ ከድንጋይ ግንብ ወደ ሣር ክዳን መመለስን እንደ ውድቀት ቆጥረውታል። እኔ ግን አልስማማም። የሣር ክዳን ሲያረጅ የሚከድነው ማን ነው? አጥቢያው ነው። አንዱ ሣር ያጭዳል፣ ሌላው ማገር ይቆርጣል፣ ሴቶች ጠላና እንጀራ ያቀርባሉ፤ ሥራው በደቦ ያልቃል። ጭቃው ሲረግፍ የሚለስነውም፣ ምሰሶው ሲነቀዝ የሚተካውም እዚያው አገር አለ። የእሌኒ ወርቅና የብሩኒ ቅስት ግን አጥቢያው በራሱ እጅ ሊጠግነው የሚችል ነገር አልነበረም። ንጉሥ የሠራውን ድንጋይ ለመጠገን የንጉሥ ግምጃ ቤት ያስፈልጋል፤ ኖራ አቃጣይ፣ ጠራቢና መሐንዲስ ያስፈልጋል። ግምጃ ቤቱ ፊቱን ሲያዞር ድንጋዩ ይፈርሳል። ክቡ ቤት እየታደሰ የኖረው ባለቤቱ ከአጠገቡ ስለማይጠፋ ነው።

የእንግሊዞቹ አጥቢያ

ለማነጻጸር ያህል ወደ እንግሊዝ አገር እንሻገር። መርጡለ ማርያም በተቃጠለችበት በዚያው ዐሥርተ ዓመታት ውስጥ የእንግሊዝ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ከሮም ተለየ። እ.ኤ.አ. በ1534 ራሱን የአገሩ ቤተ ክርስቲያን የበላይ አደረገ፤ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን የምንላት በዚህ መንገድ ራሷን ቻለች። ከእ.ኤ.አ. 1536 እስከ 1540 ገዳማቱን ሁሉ ዘጋ፤ መሬታቸውን ወረሰ፤ የጣራቸውን እርሳስ አስነቅሎ ሸጠ። እንደ ግላስተንበሪና ቲንተርን ያሉ ታላላቅ ገዳማት ጣራ አልባ ፍርስራሽ ሆነው ቀሩ። አጥፊው ከውጭ የመጣ ጠላት አልነበረም፤ የራሳቸው ንጉሥ ነበር።

በዚህ ሁሉ መካከል ቲውክስበሪ የተባለች ከተማ ነዋሪዎች ያደረጉት ነገር መነገር ይገባዋል። የገዳሙ ቤተ ክርስቲያን የፊተኛው ክፍል ከጥንት ጀምሮ የአጥቢያው ሕዝብ ይገለገልበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1540 ገዳሙ ሲዘጋ ምእመናኑ 453 ፓውንድ አዋጥተው የቀረውን ሕንፃ ከንጉሡ ገዙት። ዋጋው የተተመነው በደወሎቹና በጣራው እርሳስ ልክ ነበር። ሕንፃው ዛሬም የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ነው። ቤቱን ከጥፋት ያዳነው የሠሩት መኳንንት ስም ሳይሆን የሚጸልዩበት ሰዎች መዋጮ ነው።

ከዚህ የሚልቀው ቁም ነገር ግን ሥርዓቱ ነው። በእንግሊዝ አጥቢያ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የጥገና ግዴታ በግልጽ የተከፋፈለ ነበር፤ ሕዝቡ የሚቆምበትን ክፍል ሕዝቡ፣ መንበሩ ያለበትን ክፍል የአጥቢያውን ዐሥራት የሚበላው ካህን ወይም ባለ መብት ይጠግናል። ጣራ ሲያፈስ ማን እንደሚጠየቅ ይታወቃል። በ20ኛው ምዕት ዓመት ምእመን እየራቀ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ባዶ ሲቀሩ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1969 አገልግሎት ያቆሙትን ታሪካዊ ሕንፃዎች የሚረከብ ተቋም ተመሠረተ። ወጪውን ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት በጋራ ሸፈኑ። ተቋሙ ከ350 የሚበልጡ አብያተ ክርስቲያናትን በጥበቃው ሥር ይዟል። ሕያው ቤተ ክርስቲያን በአጥቢያው፣ ያረጀውና የተተወው በዚህ ተቋም ይጠበቃል። በሁለቱ መካከል የሚወድቅ ጥቂት ነው።

ጉልቱ ሲቀር

በእኛ አገርስ? በጥንቱ ሥርዓት ደብር ያለ መሬት አይታሰብም ነበር። መሬቱ ከአገልግሎቱ ጋር የተሳሰረ ነው፤ የቀዳሹ፣ የደብተራው፣ የመሪጌታው ድርሻ ተለይቶ ይታወቃል። ድርሻውን የያዘ ግዴታውን ካልፈጸመ ድርሻውን ያጣል። በ18ኛው ምዕት ዓመት ወለተ እስራኤል ሞጣ ጊዮርጊስን ስትተክል ሕንፃ ብቻ አላቆመችም፤ ሕንፃውንና አገልጋዩን የሚሸከም የመሬት ሥሪት ጭምር እንጂ።

ይህን ስል የጉልትን ሥርዓት ለመናፈቅ አይደለም። የዚያ ሥርዓት ክብደት ያረፈው በገባሩ ትከሻ ላይ ነበር፤ የዜማው ውበት በገበሬው ላብ የተገዛ ነው። በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት ያለ ምክንያት አልነበረም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ሲወጣ የቤተ ክርስቲያን ጉልትም አብሮ ቀረ። መቅረቱ ተገቢ ነበር። ነገር ግን ጉልቱ ሲቀር ከጉልቱ ጋር ተያይዞ የነበረው የጥገና ግዴታም አብሮ መቅረቱን ያስተዋለ ባለ ሥልጣን አልነበረም።

ቤተ ክርስቲያኒቱ በበኩሏ በ1965 ዓ.ም. ባወጣችው ቃለ ዐዋዲ የሰበካ ጉባኤን ሥርዓት ዘርግታ ነበር። ካህናትና ምእመናን በጋራ አጥቢያቸውን የሚያስተዳድሩበት፣ ምእመኑም መዋጮ የሚከፍልበት ሥርዓት ነው። ከጉልቱ ማብቃት በኋላ አብያተ ክርስቲያናት በራቸው ሳይዘጋ የቀረው በአመዛኙ በዚህ ምክንያት ነው። ይሁንና የሰበካ ጉባኤ መዋጮ በቅድሚያ የሚውለው ለካህን ደመወዝ፣ ለዕጣንና ለጧፍ፣ ለሕያው ቤተ ክርስቲያን ጣራ ነው። የገበሬ መዋጮ የ16ኛውንና የ17ኛውን ምዕት ዓመት ፍርስራሽ ያጠናክር ማለት ከፍትሕም ከአቅምም ውጭ ነው።

መንግሥትስ? በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ባለይዞታው ቅርሱን በራሱ ወጪ እንዲጠብቅ አስገደደ፤ ያለ ባለ ሥልጣኑ ፈቃድ እንዳይጠግን ከለከለ፤ ወጪው ከአቅሙ በላይ ሲሆን መንግሥት ሊያግዘው እንደሚችል ጠቆመ። ልብ በሉ፤ የባለይዞታው ግዴታ «ይጠብቃል» ነው፤ የመንግሥት ድርሻ ግን «ሊያግዝ ይችላል» ነው። በእነዚህ ሁለት ግሦች መካከል ስንት ግድግዳ ይፈርሳል! አጥቢያው እንዳይነካው ሕግ ይከለክለዋል፤ እንዲጠግነው ደግሞ አቅም ያጥረዋል።

በዚህ ላይ ጦርነት ተጨምሯል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀበት ግጭት ምሥራቅ ጎጃምን ክፉኛ ጎድቷል። ሰው በሚሞትበት ጊዜ ስለ ድንጋይ መጻፍ ቅንጦት የሚመስለው አንባቢ ይኖራል። ነገር ግን የእሌኒ ቤት የጠፋው በጦርነት፣ የብሩኒ ሥራ መንገዱን የሳተው በሃይማኖት ጦርነት መሆኑን ያነበበ ሰው፣ ጦርነት በሰው ብቻ እንደማይበቃው ያውቃል።

እንግዲህ ምን ይበጃል?

አንደኛ፣ ሕያው ቤተ ክርስቲያንንና ፍርስራሽን በሕግ እንለይ። ሕያዋኑ አጥቢያዎች በባለቤታቸው ይተዳደሩ፤ መንግሥት እጁን ያርቅ። አገልግሎት የማይሰጡ ጥንታዊ ግድግዳዎች ግን ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት በጋራ ወጪ የሚያቋቁሙት፣ ለሁለቱም ተጠሪ የሆነ አንድ የጥገና ተቋም ይኑራቸው። ባለቤትነቱ የደብሩ ሆኖ ይቀጥል፤ ወጪው ግን የአገር ይሁን።

ሁለተኛ፣ ኖራን እንመልስ። በጥንታዊ ግንብ ላይ ሲሚንቶ መለሰን እርጥበቱን አፍኖ ድንጋዩን ከውስጥ ያፈርሰዋል። በጎንደር ግንቦች ላይ በጣልያን ወረራ ዘመን የገባው ሲሚንቶ ኋላ ለጠጋኞች ራሱን የቻለ ችግር ሆኖባቸው ነበር። ኖራ የሚያቃጥሉ፣ ድንጋይ የሚጠርቡ ወጣቶችን በየደብሩ አካባቢ ማሠልጠን ከውጭ ባለሙያ ከማስመጣት ይረክሳል፤ አጥቢያውንም ከተመልካችነት ወደ ጠጋኝነት ይመልሰዋል።

ሦስተኛ፣ «ማን ሠራው» የሚለውን ጠብ ለጊዜው እናሳድረው። የሐድያዋ እቴጌ፣ ፖርቹጋላዊው እስረኛ፣ ኢጣልያዊው መነኩሴና የእነብሴ ገበሬ በአንድ ቅጽር ውስጥ ተገናኝተዋል፤ ከአራቱ መካከል እስከ ዛሬ እዚያው ያለው ግን ገበሬው ብቻ ነው። ሦስቱ ሠሩ፤ እርሱ ጠበቀ።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል የአገሬ ሰው። ቅርሳችንን ጊዜና ዝናብ የሚነቀንቁት ባለቤቱን ንቀው አይደለም፤ ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ ስላልተወሰነ ነው። የሚወስነው ደግሞ ሕግ አውጭው ነው፤ ሕግ አውጭውን የሚጠይቀውም የተማረው ዜጋ ነው።

ቸር ይግጠመን።